የንጉሡ ፊት ያለበት ወረቀት

የፈረንሳይ አብዮት ሲነሳ ብዙ ሰው በቀጥታ ወደ ባስቲል እስር ቤት መሰበር ይሮጣል። እኔ ግን ከዚያ አንድ ዓመት ገደማ ወደኋላ ሄጄ፣ ከኦገስት 16 ቀን 1788 መጀመር እመርጣለሁ (ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ዕለት የሉዊ 16ኛ ግምጃ ቤት፣ ለአበዳሪዎቹና ለጡረተኞቹ ከሚከፍለው ከፊሉን በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን ወለድ በሚታሰብበት ወረቀት እንደሚከፍል አስታወቀ። አዋጁ ነገሩን በለሰለሰ ቃል ቢገልጸውም ገበያው ኪሳራ መሆኑን ወዲያው ተረዳ። ዋና ሚኒስትሩ ሊቀ ጳጳስ ብሪየን ዘጠኝ ቀን ቆይተው ሥልጣን ለቀቁ።

የዚያን ዓመት በጀት ያየ ሰው አይደነቅም። ወጪው 629 ሚሊዮን ሊቭር (የዘመኑ የፈረንሳይ ገንዘብ)፣ ገቢው 503 ሚሊዮን። ከወጪው ውስጥ 318 ሚሊዮኑ፣ ማለትም ከግማሽ በላዩ፣ የሚሄደው ለእዳ ነበር። ቤተ መንግሥቱና ባለሟሎቹ የሚበሉት ሲነገር ብዙ ይመስላል እንጂ ከጠቅላላው 6 በመቶ ገደማ ነው። የንግሥት ማሪ አንቷኔት ጌጥ በሙሉ ቢሸጥ ቀዳዳውን አይደፍነውም ነበር። «ዳቦ ካጡ ኬክ ይብሉ» የሚለው አባባልም የሷ አይደለም፤ ወደ ፈረንሳይ ከመምጣቷ በፊት ተጽፎ የተገኘ ወሬ ነው።

እዳው ከየት መጣ? ከጦርነት፣ በተለይም ከአሜሪካ የነጻነት ጦርነት። ፈረንሳይ እንግሊዝን ለመበቀል ከ1 ቢሊዮን ሊቭር በላይ አፈሰሰች። ገንዘቡን ያገኘው የጄኔቫ ተወላጁ የባንክ ሰው ዣክ ኔኬር ነው፤ ያገኘውም ግብር ሳይጨምር፣ በብድር ብቻ። ከብድሮቹ ዋነኛው የዕድሜ ልክ ክፍያ ነበር። አበዳሪው 1,000 ሊቭር ይሰጣል፤ መንግሥት ደግሞ በውሉ ላይ ስሙ የተመዘገበ አንድ ሰው እስኪሞት ድረስ በየዓመቱ 100 ሊቭር ገደማ ይከፍላል። ጥፋቱ፣ ስሙ የተመዘገበው የ60 ዓመት ሽማግሌም ይሁን የ6 ዓመት ልጅ ክፍያው አንድ መሆኑ ላይ ነው። የጄኔቫ ባንኮች ይህችን ሒሳብ ለመጨበጥ ጊዜ አልፈጀባቸውም። ከደህና ቤተሰብ የተወለዱ፣ ፈንጣጣን ታመው የተሻገሩ ሠላሳ ልጃገረዶችን መረጡ፤ ውሉን ሁሉ በእነሱ ስም አስመዘገቡ፤ ከዚያም ድርሻውን ከፋፍለው ለደንበኞቻቸው ሸጡ። የፈረንሳይ መንግሥት ለአንድ ትውልድ በዓመት 10 በመቶ እንዲከፍል በሠላሳ ሕፃናት ጤና ታሰረ።

ኔኬር በ1781 የመንግሥቱን ሒሳብ አሳትሞ ለሕዝብ ሲያቀርብ የ10 ሚሊዮን ሊቭር ትርፍ አሳየ። ትርፉ የተገኘው የጦርነቱን ወጪ «ልዩ» ብሎ ከዝርዝሩ በማውጣት ነው። ውሸት ነው ለማለት ይከብዳል፤ እውነት ነው ማለት ግን ከዚያ የባሰ ይከብዳል። ጉዳቱ የታየው በ1786 ከእሱ በኋላ የገንዘብ ሚኒስትር የሆነው ካሎን ከ100 ሚሊዮን በላይ ጉድለት እንዳለ ለንጉሡ ሲነግር ነው። «ትናንት ትርፍ ነበረ ተብለን፣ ዛሬ ጉድለቱ ከየት መጣ?» ለሚለው ጥያቄ የሚታመን መልስ ጠፋ። ካሎን መኳንንቱና ካህናቱ ሳይቀሩ ሁሉም የሚከፍለው የመሬት ግብር አቀደ፤ በፌብሩዋሪ 1787 የታላላቆች ጉባኤ ጠርቶ አቀረበላቸው። ታላላቆቹ መጀመሪያ ሒሳቡን አሳየን አሉት፤ በኤፕሪል ተባረረ። ብሪየን ያንኑ ግብር በፓሪስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሊያስመዘግብ ሞከረ። ፍርድ ቤቱ ደግሞ አዲስ ግብር የሚፈቅደው ከ1614 ወዲህ ያልተሰበሰበው የሦስቱ መደቦች (የካህናት፣ የመኳንንትና የተራው ሕዝብ) ጉባኤ ብቻ ነው አለ።

እንግሊዝ በዚያን ጊዜ በነፍስ ወከፍ ሲሰላ ከፈረንሳይ የከበደ እዳ ነበረባት፤ የምትከፍለው ወለድ ግን ያነሰ ነው። ፓርላማዋ ለእዳው ዋስ ይቆማል፣ ሒሳቡም በየዓመቱ በአደባባይ ይታያል። የፈረንሳይ ንጉሥ የሚበደረው በራሱ ቃል ብቻ ስለሆነ አበዳሪው የቃሉን ዋጋ ጨምሮ ያስከፍለዋል።

1789ን ቶሎ ልለፈው፤ በየቦታው ተጽፏል። አንድ ነገር ብቻ፦ በጁላይ 1788 የወረደው በረዶ አዝመራውን መታው፤ የተከተለው ክረምትም እጅግ የከፋ ነበር። ፓሪስ ውስጥ 8 ወይም 9 ሱ ይሸጥ የነበረው ባለ አራት ሊቭር ክብደት ዳቦ (2 ኪሎ ገደማ) 14 ሱ ተኩል ገባ። የቀን ሠራተኛ ደሞዝ ከ20 እስከ 30 ሱ ነው፤ 20 ሱ አንድ ሊቭር ይሆናል። ቤተሰብ ያለው ሰው ከደሞዙ ከግማሽ በላይ ለዳቦ እያወጣ ነበር ማለት ነው። ባስቲል ጁላይ 14 የወደቀው ዳቦ በዚያ ዋጋ ላይ ሳለ ነው።

ከዚያ ይልቅ ልቆይበት የምፈልገው ከሦስቱ መደቦች ጉባኤ የወጣው አዲሱ ብሔራዊ ምክር ቤት የወሰናቸው ሁለት ነገሮች ላይ ነው። አንደኛ፣ ጁን 17 ራሱን ብሔራዊ ምክር ቤት ብሎ በሰየመበት ቀን የንጉሡን እዳ በአገር ክብር ጥበቃ ሥር አደረገው፤ አንክድም አለ። አበዳሪዎቹ የፓሪስ ባለ ገንዘቦች ስለነበሩ፣ ከእነሱም ብዙዎቹ አብዮቱን ስለደገፉ ነገሩ የሚገባ ነው። ሁለተኛ፣ በኦገስት 4 ሌሊት የባላባት መብቶችን፣ የቤተ ክርስቲያንን አስራትና በገንዘብ የሚገዛ ሹመትን ሻረ። ሹመት የገዙት ግን ካሳ ይከፈላቸው ተባለ፤ ያ ብቻውን በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር አዲስ እዳ ነው። ሕዝቡ በበኩሉ የጨው ግብር መክፈል አቆመ፤ የፓሪስን የቀረጥ ኬላዎችም ባስቲል ከመውደቁ በፊት በነበሩት ቀናት አቃጥሎ ነበር። እዳው ሲያድግ ገቢው ደረቀ። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ከዚህች መቀስ መሃል የወጣ ነው።

መፍትሔው የቀረበው ከጳጳስ ነው። የኦተን ጳጳስ ታሌራን በኦክቶበር 1789 የቤተ ክርስቲያን ንብረት ለአገር ይሁን አለ፤ ኖቬምበር 2 ተወሰነ። ቤተ ክርስቲያኒቱ ከአገሪቱ መሬት ከ6 እስከ 10 በመቶ ትይዝ እንደነበር ይገመታል። መሬት ግን በአንድ ቀን አይሸጥም፣ አበዳሪ ደግሞ አይጠብቅም። ስለዚህ በዲሴምበር 400 ሚሊዮን ሊቭር የሚያወጣ አሲኛ የተባለ ወረቀት እንዲወጣ ታዘዘ። መጀመሪያ ገንዘብ አልነበረም። 5 በመቶ ወለድ ያለው፣ እያንዳንዱ 1,000 ሊቭር የሆነ ቦንድ ነው። መንግሥት ለአበዳሪው አሲኛ ይሰጣል፤ አበዳሪው በጨረታ መሬት ይገዛበታል፤ ወረቀቱ ወደ ግምጃ ቤት ሲመለስ ይቃጠላል። እዳ በመሬት ተለውጦ አመድ ይሆናል። እንደ ንድፍ ካየነው ብልህ ነው፤ የሚያፌዙበት ሰዎች ይህንን ክፍል ይዘሉታል።

የተበላሸው ደረጃ በደረጃ ነው። በኤፕሪል 1790 ወለዱ ወደ 3 በመቶ ወረደ፣ ወረቀቱም ማንም እምቢ የማይለው ሕጋዊ ገንዘብ ሆነ። በሴፕቴምበር ወለዱ ጠፋ፣ መጠኑ ወደ 1.2 ቢሊዮን አደገ። የምክር ቤቱ ስመ ጥር ተናጋሪ ሚራቦ አጥብቆ ደገፈው። ሌላው የምክር ቤቱ አባል ዱፖን ደ ኔሙር፣ እንዲያውም ራሱ ታሌራን፣ ተቃወሙት፤ ከብሪየን በኋላ ወደ ሥልጣን ተመልሶ የነበረው ኔኬር በዚያው ወር ሥራውን ለቀቀ። ተቃዋሚዎቹ የተናገሩት ሁሉ ደርሷል፤ ግን በምትኩ ምን ይደረግ ለሚለው መልስ አልነበራቸውም። ክርክሩን ያሸነፈውም ይህ ነው።

የመሬት ሽያጩ ውል ራሱ ወጥመድ ነበረበት። ድሃ ገበሬም እንዲገዛ ተብሎ፣ የእርሻ መሬት የገዛ ሰው 12 በመቶ ቅድሚያ ከፍሎ የቀረውን በ12 ዓመት፣ በ5 በመቶ ወለድ እንዲጨርስ ተፈቀደለት። ወረቀቱ ዋጋ ሲያጣ ግን የገዢው ጥቅም በማዘግየት ላይ ሆነ። በ1791 የተገዛ እርሻን የመጨረሻ ክፍያዎች በ1795 በአንድ በግ ዋጋ መዝጋት ይቻል ነበር። ስለዚህ አሲኛው በታሰበው ፍጥነት ወደ ግምጃ ቤት አልተመለሰም። የተመለሰው እየተቃጠለ፣ ከተቃጠለው የበለጠ ደግሞ እየታተመ ነው።

ሌላው ጣጣ የኖቱ ትልቅነት ነው። በ1790 መጨረሻ ትንሹ ኖት 50 ሊቭር ነበር፤ 1,000 ሱ ማለት ነው፤ ለቀን ሠራተኛ ከአንድ ወር በላይ ደሞዝ። አሠሪው ዝርዝር የለውም፤ ብርና መዳቡን ሰው ሁሉ ደብቆታል። ክፍተቱን ከተሞችና የግል ተቋማት በራሳቸው የታተሙ ትንንሽ ኖቶች ሞሉት፤ አንዳንዶቹ በ1792 ከስረው በድሃው እጅ ላይ ቀሩ። የአምስት ሊቭር አሲኛ የወጣው በሜይ 1791 ነው፤ በሱ የሚቆጠሩት ትንንሽ ኖቶች ደግሞ በ1792። የቤተ ክርስቲያን ደወሎችም ቀልጠው ሳንቲም ሆኑ።

የኢትዮጵያ አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይላል። የማሪ አንቷኔት እናት፣ በአገራችን ገበያ ጠገራ ብር ላይ የምናውቃት ማርያ ቴሬዛ ነች። የእናትየው ብር በ1780 ከሞተች በኋላም በዚያው ዓመተ ምሕረት እየተመታ፣ 28 ግራም ክብደቱና ጌጧ ላይ ያሉት እንክብሎች እየተመረመሩ ከመቶ ዓመት በላይ ታምኖ ኖረ። የአማቿ መንግሥት ወረቀት ሰባት ዓመት አልሞላውም።

ወረቀቱ ከንጉሡ ጋር የተያያዘው በሁለት መንገድ ነው። የመጀመሪያው በሃይማኖት። የቤተ ክርስቲያን መሬት ከተወሰደ ካህናትን መንግሥት ሊቀልብ ግድ ነው፤ የሚቀልባቸው ከሆነ ሊያዛቸው ፈለገ። በጁላይ 1790 የወጣው ሕግ ጳጳሳትና ቀሳውስት በምርጫ እንዲሾሙ አደረገ፤ ቀጥሎም ቃለ መሐላ ተጠየቁ። ከአጥቢያ ቀሳውስት ግማሽ ያህሉ እምቢ አሉ። ሉዊ ለብዙ ነገር ግድ የለሽ ቢመስልም በሃይማኖቱ ቀልድ አያውቅም፤ ሕጉን መፈረሙ ሕሊናውን ሲወቅሰው ኖረ። በጁን 1791 ቤተሰቡን ይዞ ወደ ምሥራቅ ድንበር ሲሸሽ ትቶት የሄደው ደብዳቤ ቅሬታዎቹን ይዘረዝራል።

ሁለተኛው በፊቱ። አሲኛው ላይ የንጉሡ ምስል ተቀርጾ ነበር። በሳንት መነኡ የፖስታ ፈረሶች ኃላፊ የነበረው ድሩዌ በሠረገላው ውስጥ ያለውን ወፍራም ሰው በ50 ሊቭር ኖት ላይ ካለው ምስል ጋር አስተያይቶ እንደለየው ይነገራል። ድሩዌ በአቋራጭ ጋልቦ ቫረን ላይ ድልድዩን አዘጋ፤ ንጉሡ ተመለሰ።

ከቫረን በኋላ ዘውዱ አንድ ዓመት ቢቆይም ማንም አያምነውም ነበር። በኤፕሪል 1792 ጦርነት ታወጀ፤ ወረቀቱ ያኔ ከስሙ ዋጋ 70 በመቶ አካባቢ ነው። የፕሩሲያና የኦስትሪያ ጦር አዛዥ የብሩንዝዊክ መስፍን በንጉሡ ላይ ጉዳት ከደረሰ ፓሪስን አወድማለሁ የሚል መግለጫ አወጣ። ንጉሡን ይጠብቀዋል የተባለው መግለጫ ከጠላት ጋር ማበሩን የሚያስረዳ ማስረጃ ሆነበት። ከ48ቱ የፓሪስ ቀበሌዎች 47ቱ ከዙፋን ይውረድ አሉ።

ኦገስት 10 ንጋት ላይ ቱይለሪ ቤተ መንግሥት የሚከላከል አጥቶ አልነበረም። የብሔራዊ ዘቡ አዛዥ ማንዳ መከላከያውን ዘርግቶ ነበር፤ ወደ ከተማው ምክር ቤት ተጠርቶ ሄደና ተገደለ፤ ዘቡ ያለ አዛዥ ቀረ፤ ብዙው ከአጥቂዎቹ ጋር ተቀላቀለ። የቀሩት 900 ያህል የስዊዝ ወታደሮች ነበሩ። ከዚያ ንጉሡ ከቤተሰቡ ጋር አትክልቱን ተሻግሮ ወደ ሕግ አውጪው ምክር ቤት ገባ። ሕገ መንግሥቱ ምክር ቤቱ ንጉሡ ባለበት እንዳይመክር ስለሚከለክል፣ ንግግር ጸሐፊዎች በሚቀመጡባት ጠባብ ክፍል ውስጥ አስቀመጡት። ከዚያች ሆኖ የተኩሱን ድምፅ እየሰማ መሻሩን ሲከራከሩ አዳመጠ። ስዊዞቹ ተኩስ እንዲያቆሙ የላከው ትእዛዝ የደረሳቸው ከረፈደ ነው፤ ትእዛዙን ማክበራቸውም አላዳናቸውም። 600 ያህሉ ሞቱ። ከአጥቂዎቹ ወደ 380 የሚጠጉ ሞቱ ወይም ቆሰሉ። እኔ እንደሚመስለኝ ዘውዱን የጣለው ከአጥቂዎቹ ጥንካሬ ይልቅ፣ የሚጠበቀው ሰው ሄዶ ጠባቂዎቹ ባዶ ቤት ሲጠብቁ መቅረታቸው ነው።

ሴፕቴምበር 21 ኮንቬንሽን የተባለው አዲስ የተመረጠ ምክር ቤት ንጉሣዊ አገዛዝን ሻረ፤ ከማግሥቱ ጀምሮ የሪፐብሊኩ አንደኛ ዓመት ተቆጠረ። በጃንዋሪ 1793 ከ721 ድምፅ ሰጪዎች 361ዱ ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ ሞት ይገባዋል አሉ፤ ለአብላጫ የሚያስፈልገው በትክክል ይህ ቁጥር ነው። ጃንዋሪ 21 አንገቱ ተቆረጠ።

ወረቀቱ ላይ ያለው ፊቱ ግን ሥራውን ቀጠለ። ሪፐብሊኩ ያለ ምስል አዲስ አሲኛ ሲያትም፣ የንጉሡ ፊት ያለበት አሮጌው ከአዲሱ በልጦ ይመነዘር ጀመር። ነጋዴው ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ንጉሥ ቢመለስ የራሱን ፊት የያዘውን ይከፍላል፤ የገዳዮቹን አይከፍልም። ኮንቬንሽኑ በጁላይ 31 ቀን 1793 ከ100 ሊቭር በላይ የሆኑትን ባለ ንጉሥ ኖቶች ከገበያ አገደ። የኮንቬንሽኑን የገንዘብ ጉዳይ የሚመራው ካምቦን ደግሞ በኦገስት የንጉሡንም የሪፐብሊኩንም እዳ በአንድ ታላቅ መዝገብ ደባልቆ አስገባ፤ ማን ለማን እንዳበደረ እንዳይለይ። ስለ ንጉሥ መመለስ የሚያልም አበዳሪ ከእንግዲህ የሚያልምበት ምክንያት የለውም።

በዚያ ወር አሲኛው 22 በመቶ ደርሶ ነበር። ሴፕቴምበር 29 አጠቃላይ የዋጋ ጣሪያ ታወጀ፦ የሸቀጥ ዋጋ የ1790 ዋጋ ሲደመር አንድ ሦስተኛ፣ ደሞዝ የ1790 ሲደመር ግማሽ። የመጀመሪያው ስህተት ዋጋው በየወረዳው መወሰኑና የማጓጓዣ አለመታሰቡ ነው። ሳሙና ማርሴይና ፓሪስ እኩል ትርፍ ካላስገኘ ማን ይጭነዋል? በ1794 መጀመሪያ ተስተካከለ፤ በተመረተበት ቦታ ያለው ዋጋ ላይ የማጓጓዣ፣ ለጅምላ ነጋዴ 5 በመቶ፣ ለቸርቻሪ 10 በመቶ ተጨመረ። ሸቀጥ ማከማቸትና መደበቅን በሞት የሚቀጣ ሕግ፣ ብርን ከወረቀት አብልጦ መመንዘርን የሚከለክል ሕግና ከገበሬ እህል በግዳጅ መውሰድ ተደምረው አሲኛውን በዲሴምበር 1793 ወደ 48 በመቶ መለሱት። «ሽብሩ» (መንግሥት ተቃዋሚዎቹን በጊሎቲን የቀጣበት ዘመን) ገንዘቡን አዳነ የሚሉ አሉ። ቁጥሩ እውነት ነው፤ ዋጋው ግን በጊሎቲን ጥላ ሥር የተጻፈ ዋጋ ነው።

የደሞዝ ጣሪያውን የፓሪስ ምክር ቤት ለረጅም ጊዜ ሳያስከብረው ቆየ። በጁላይ 23 ቀን 1794 ዝርዝሩ ሲወጣ አንዳንድ ሠራተኛ የሚያገኘውን ግማሽ ያህል አጣ። ከአራት ቀን በኋላ የሽብሩ ዋና መሪ ሮብስፒየር ሲወድቅ እሱን ለማዳን የተሰበሰበው ሕዝብ ትንሽ ነበር፤ ወደ ጊሎቲኑ ሲወሰድም በዋጋ ጣሪያው ላይ የእርግማን ጩኸት ይሰማ ነበር።

ተተኪዎቹ ጣሪያውን በዲሴምበር አነሱት፤ ማተሚያውን ግን አላቆሙም። ወረቀቱ በጃንዋሪ 1795 ወደ 18 በመቶ፣ በጁላይ ወደ 3 በመቶ ወረደ። በጸደይ ፓሪስ ውስጥ የዳቦ ራሽን አንዳንድ ቀን 60 ግራም ገደማ ነበር። በፕሪሪያል አንደኛው ቀን፣ ማለትም ሜይ 20፣ ሕዝቡ «ዳቦና የ1793 ሕገ መንግሥት!» እያለ ኮንቬንሽኑን ወረረ፤ በሠራዊት ተመታ። (አሥራ ሁለት ወር በ30 ቀን፣ በመጨረሻ 5 ወይም 6 ትርፍ ቀን ያለው የአብዮቱ አቆጣጠር ጳጉሜን ለሚያውቅ አይከብደውም። ሕዝቡን ያስመረረው ሳምንቱ 10 ቀን መሆኑ፣ ማለትም እረፍት መራቁ ነው።)

የፌብሩዋሪ 19 ቀን 1796 ሥነ ሥርዓት ማተሚያ ሰሌዳዎቹ ፕላስ ቫንዶም ላይ የተሰበሩበት ነው። እስከዚያ የታተመው 45 ቢሊዮን ሊቭር ይጠጋል፤ ዋጋው ከ1 በመቶ በታች። ተተኪው ማንዳ የተባለ ወረቀት አንዱ ለ30 አሲኛ ይመነዘር ጀመር፤ በእሱም ያለ ጨረታ፣ የ1790 ገቢውን 22 እጥፍ ከፍሎ የእርሻ መሬት መግዛት ተፈቀደ። ማንዳው በወራት ውስጥ ሲወድቅ ዋጋው ግን በሕግ የተቆረጠ ስለነበር፣ ወረቀት የሰበሰበ ሰው ርስት በርካሽ አፈሰ። አዲሶቹ ባለ መሬቶች የወጡት በብዛት ከከተማ ነጋዴዎች፣ ከጠበቆችና ከሀብታም ገበሬዎች ነው። ደሞዝ ያልተለወጠለት ጸሐፊና በመንግሥት ወለድ የምትኖር ባልቴት ግን ዕቃቸውን እየሸጡ በሉ።

በሴፕቴምበር 1797 መንግሥት ከእዳው አንድ ሦስተኛውን ብቻ አጸናሁ፣ ሁለት ሦስተኛውን በወረቀት ከፈልኩ አለ፤ ወረቀቱም ወዲያው ወደቀ። በ1789 በአገር ክብር ሥር የገባው እዳ መጨረሻው ይህ ሆነ። ናፖሊዮን ቦናፓርት ከ1800 ጀምሮ ወለዱን በጥሬ ገንዘብ ከፈለ፤ በ1803 ፍራንክን 90 በመቶ ንጹሕ የሆነ 5 ግራም ብር አደረገው። ያ ልክ እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ቆየ።

በ1814 የሟቹ ንጉሥ ወንድም ሉዊ 18ኛ ዙፋኑ ላይ ሲቀመጥ መሬቱን ይመልሳል ብለው የጠበቁ ስደተኛ መኳንንት ነበሩ። የሰጠው ሕገ መንግሥት ግን ብሔራዊ ንብረት የተባለውን ጨምሮ ማንኛውም ንብረት አይነካም አለ፤ ገዢዎቹን የሚነካ ንጉሥ ስንት ቀን እንደሚቆይ ገብቶታል። ንብረታቸው የተወረሰባቸው መኳንንት እስከ 1825 ጠበቁ። በሻርል 10ኛ ዘመን «የቢሊዮኑ ሕግ» የተባለው ካሳ ሲወጣ የተሰጣቸው መሬትም ወርቅም አልነበረም፤ 3 በመቶ ወለድ የሚከፍል የመንግሥት ቦንድ ነው።